ሁለቱ የቆዳ ሲኒዎች

አቃቂ በሰቃ
ግንቦት 12 ቀን 1978 ዓ.ም.

ለምወድዎትና ለማከብርዎት አባቴ፣

ይህ ወረቀት እጅዎ ሲገባ ጤናዎ የተሟላ፣ ጉልበትዎም ያላስቸገረዎት ሆኖ እንዲያገኝዎት ምኞቴ ነው። እንደምን ከርመዋል? ሳልዎ ተሻለዎት ወይ? በልጉስ እንዴት ነው፣ ዘነበላችሁ ወይስ እንደ አምናው ከዳችሁ? ወንድሜና ልጆቹ ደህና ናቸው? እኔ፣ ባለቤቴና ሁለቱ ልጆቻችን ከናፍቆትዎ በቀር ደህና ነን ብዬ ልጽፍ ጀምሬ እስክሪብቶው እጄ ላይ ቆመ። ባለቤቴና ልጆቼ እርስዎን አይተው አያውቁም። ያላዩትን ሰው እንዴት ብለው ይናፍቃሉ? ስለዚህ የናፈቅሁዎት እኔ ነኝ፤ ደህና መሆናችንን ግን እግዚአብሔር ይመስገን።

አባባ፣ እስከ ዛሬ አንድም ደብዳቤ ጽፌልዎት አላውቅም። ሰበቤ ሁልጊዜ አንድ ነበር፤ ማን ያነብልዎታል? የሚያነብልዎት የመሪጌታው ልጅ ነው፣ እሱ ያነበበውን ደግሞ በነጋታው ገበያው ሁሉ ይሰማዋል። ከሁለት ዓመት በፊት ስመጣ ግን የመሠረተ ትምህርት ምስክር ወረቀትዎን ከሳጥን አወጡና በጣትዎ እየተከተሉ፣ ፊደሉን አንድ በአንድ እየጠሩ፣ የገዛ ስምዎን አነበቡልኝ። በስድሳ ሦስት ዓመትዎ! እኔ ከሳቅ አልፌ አለቀስኩ። እርስዎ ደግሞ ምን ያስለቅስሻል፣ ስሜ ክፉ ነው እንዴ ብለው ቀለዱብኝ። ያን ቀን ሰበቤ አለቀ፤ ፍርሃቴ ግን አላለቀም ነበር። አሁን ይህን የሚያነበው ከእርስዎ ሌላ ሰው የለም። ፊደሉን አጉልቼዋለሁ፤ ሲደክምዎት ያሳርፉትና ነገ ይቀጥሉ።

ያኔ ስለ ፋብሪካው እንጂ ስለ ሌላው ሥራዬ አልነገርኩዎትም። ጠዋት ከጨርቃ ጨርቁ ፈረቃ እወጣና ከሰዓት በኋላ የቀበሌያችን የውኃ ፓምፕ ጠባቂ ነኝ። ጠባቂ ስልዎት ዱላ ይዤ የምቆም እንዳይመስልዎት። ፓምፑ ሲታመም ፈትቼ የማክመው እኔ ነኝ። የሴቶች ማህበሩ መርጦኝ አስር ቀን ተማርኩ። የብሎን መፍቻ ቁልፍ ጨብጬ፣ እስከ ክርኔ ቅባት ሆኜ ቢያዩኝ ይስቁ ነበር። ልጄ ናት ወይ ብለው ግን አይጠራጠሩም፤ እጄ የእርስዎ እጅ ነው።

ፓምፑ የመጣው ንጹሕ ውኃ ለድሃ አገር ሁሉ ይድረስ ብለው የዓለም መንግሥታት በተስማሙት ስምምነት ነው። ፓምፑ ከህንድ፣ ጉድጓዱን የቆፈረው መኪና በረዶ ከማይለየው አገር፣ ቧንቧው ከሌላ፣ ሲሚንቶው ከእኛ፣ ድንጋዩን ያመላለሰው ጀርባ ደግሞ የእኛ የሴቶቹ ነው። በጠቅላላ የስምንት አገር እጅ አለበት ተብሏል። በምረቃው ቀን ሊቀመንበራችን ጓድ ኦላና ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ብሎ ጀምሮ ፀሐይ አናታችን ላይ እስክትወጣ ተናገረ። ልጆቹ ንግግሩን መቼ ጠበቁ፣ እጀታው ላይ ተንጠላጥለው ይጠጡ ነበር። ከዚያ በፊት የምንጠጣው ወንዙን ነበር። የእኛን ወንዝ አያውቁትም እንጂ አባባ፣ አንዳንድ ቀን ቀይ፣ አንዳንድ ቀን ሰማያዊ ሆኖ ይወርዳል።

ያስተማረን ሰው ሚስተር ራጋቫን ይባላል፣ ህንድ ነው። እስከ ዛሬ ብዙ ፈረንጅ አይቻለሁ፤ የመኪናውን ሞተር ሳያጠፋ ፎቶ አንስቶን የሚሄድ ነው የሚበዛው። ይህ ግን በአንበሳ አውቶቡስ ተጋፍቶ ይመጣል፣ መሬት ላይ ይቀመጣል፣ መነጽሩን የያዘው በክር ነው። ሲያስተምረን ሁለት እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ በገዛ ቀበቶው ያስረዋል። መጀመሪያ ቀን ምን ነካው ብለን ተሳሳቅን። በዚያች በተሰባበረች አማርኛው፣ እጄ ከተፈታ እኔ እሠራዋለሁ፣ እኔ ደግሞ ነገ እሄዳለሁ አለን። እኛ ቁልፉን አጣመን ይዘን ጣታችን ሲቆስል እንኳ አልፈታውም። ሲሰቃይ ይታያል፣ ትከሻው ይንቀጠቀጣል፣ ግን አይነካም። እንዲህ ያለ ትዕግሥት ከእርስዎ በቀር በማንም ላይ አላየሁም።

አሁን ወደ ነገሩ ልግባ። በፓምፑ ሆድ ውስጥ፣ ቧንቧው ታች፣ ሲኒ የሚመስሉ ሁለት ትንንሽ የቆዳ ነገሮች አሉ። አንዱ ከላይ አንዱ ከታች ሆነው ከቧንቧው ግድግዳ ጋር ግጥም ይሉና ውኃውን እየገፉ ያወጡታል። እኛ ሴቶቹ ሲኒ ብለን ጠራናቸው፤ ስሙ ለሚስተር ራጋቫንም ተጋባበት። ሲኒው ሲያልቅ እጀታውን ቀኑን ሙሉ ቢወዘውዙት ጠብ አይልም። ባለፈው የካቲት አለቀ። መለዋወጫው መርከብ ላይ ነው፣ ወደቡ ደግሞ ለረሃቡ በመጣ እህል ተጨናንቋል፣ እህሉ ይቅደም ተባለ። ማን እህሉ አይቅደም ይላል? ነገር ግን የስምንት አገር ሥራ መዳፍ በምታክል ቆዳ ምክንያት ቆመ፣ እኛም እንስራችንን አዝለን ወደ ወንዙ ተመለስን። በዚያ ወር ሁለት ሕፃናት ቀበርን።

ከፋብሪካ የወጣ ቆዳ ቆርጠን ሞከርን። ያማረ፣ የሚያበራ ቆዳ ነበር። በሦስተኛው ቀን ረጥቦ እንደ ካልሲ ተገለበጠ። ሚስተር ራጋቫን አውጥቶ አሸተተውና ይህ በኬሚካል የለፋ ነው፣ ለጫማ እንጂ ለውኃ አይሆንም፣ በቅጠልና በፍሬ የለፋ፣ ሞራ የጠጣ ያስፈልገናል አለ። በእጁ ቆዳ የሚያለፋ ሰው በአካባቢያችሁ የለም ወይ ብሎ ጠየቀኝ። የጠየቀው እኔን ነው አባባ። አይኔን አይኔን እያየ። የለም አልኩት።

በቅሎ አባትሽ ማን ነው ቢሏት እናቴ ፈረስ ናት አለች ይባል የለ? እኔ ከበቅሎዋ ብሻለሁ። አስራ ሰባት ዓመቴ ላይ፣ መንገድ ዳር የጭነት መኪና ስንጠብቅ ያሉኝን ያስታውሳሉ? ዘርሽን ቢጠይቁሽ አባቴ ሞቷል በያቸው፣ የሞተን ሰው ሙያ የሚጠይቅ የለም አሉኝ። ገበያ ስንወጣ ሴቶቹ በነጠላቸው ልጆቻቸውን ከአይናችን ሲሸፍኑ ያደግሁ ነኝና፣ ምክርዎ ገባኝ። እርስዎ ያሉኝ አንድ ጊዜ ነው፤ እኔ ግን አስራ አራት ዓመት ሙሉ አልኩት። ለፋብሪካው አልኩት፣ ለቀበሌው አልኩት፣ ለአሻግሬም አልኩት። አሻግሬ ባለቤቴ የምድር ባቡር ሰው ልጅ ነው። እናቱ እማማ አሰጋሽ እኔን ለልጃቸው ሲያጩ እስከ ሰባት ቤት ቆጥረው ነው፤ የቆጠርኩላቸው ሰባት ቤት አንዱም የእኛ አልነበረም። እርስዎን ለማየት የመጣሁ ጊዜ ሁሉ ለጻድቃኔ ማርያም ጠበል ነው ብዬ ነው የወጣሁት። ይህን ሳልናገር ሌላውን ብጽፍልዎት ወረቀቱ ይታዘበኛል።

እሁድ ጠዋት፣ እንደ ልማዱ ቅዳሴ ሰዓት ላይ፣ የቀበሌ ስብሰባ ተጠራ። ጓድ ኦላና ድሮ በባላባቱ ሥርዓት የተናቁ ባለ እጆች ዛሬ ነፃ ወጥተዋል፣ ሥራ ክቡር ነው ብሎ ብዙ ተናገረ። ከዚያ በመካከላችሁ ቆዳ ማልፋት የሚችል ካለ እጁን ያውጣ አለ። ያ ሁሉ ሰው ነፃ ወጥቶ አንድ እጅ አልወጣም። ጓድ ኦላና ራሱ በቀበሌያችን እንዲህ ያለ ሰው ባለመኖሩ ደስ ያለው መሰለኝ። እማማ አሰጋሽ ተነስተው፣ ቢገኝስ ፋቂ የዳበሰው ቆዳ ውስጥ ያለፈ ውኃ ማን ይጠጣል፣ እኔ ወንዙን እጠጣለሁ አሉ። ብዙ ሴት አጨበጨበላቸው። እኔም እጄን አነሳሁ አባባ። ለማጨብጨብ።

የዚያን ጊዜ ሚስተር ራጋቫን ምን አሉ ብሎ አብሮት የመጣውን አስተርጓሚ ጠየቀ። ሲነግሩት ይቆጣል ብዬ ፈራሁ፤ እሱ ግን ፈገግ ብሎ ወደ ፊት ወጣ። በአገሬ በመንደሬ ጉድጓድ ነበር፣ እኛ ግን ገመዱን መንካት አይፈቀድልንም ነበር አለ። እናቱ እንስራዋን ይዛ ከጉድጓዱ አስር ክንድ ርቃ ትቆማለች፣ የሚያዝንላት ሰው እስኪመጣና ከላይ እስኪያፈስላት ድረስ። አንዳንድ ቀን እስከ ቀትር ማንም አያዝንም። ለምን ቢባል አባቱ ቆዳ ሠሪ ነው። በኋላ መንግሥት ፓምፕ ሲተክል ያገሩ ሰዎች ልክ እንደ እማማ አሰጋሽ በቆዳ ያለፈ ውኃ አንጠጣም ብለው ማሉ። ድርቅ መጣ፣ ጉድጓዶቹ ሁሉ ደረቁ፣ ያ ፓምፕ ብቻ ቀረ። ሲኒውን የሠራው አባቱ ነበር። ሁሉም ጠጡ አለ። እናቴም በገዛ እጇ ቀድታ ጠጣች አለ። ይህን ሁሉ ሲናገር ድምፁ አንድ ጊዜ እንኳ ዝቅ አላለም። ባሕር ተሻግሮ መጥቶ፣ በማያውቀው ሰው ፊት፣ በባዕድ ቋንቋ የአባቱን ሙያ ተናገረ። እኔ በአገሬ፣ በቋንቋዬ ምላሴ ታስሮ ተቀመጥኩ። በሕይወቴ ሰው እንዲህ አድንቄ፣ ራሴንም እንዲህ ንቄ አላውቅም።

ሳምንት ዝም አልኩ። ከዚያ የጎረቤቴ የሞሚና ልጅ ሰዓዳ ታመመች። ሞሚና አምና በድርቁ ከወሎ የመጣች ናት፤ ይህችን የአራት ዓመት ልጅ በጀርባዋ አዝላ ያን ሁሉ መንገድ የተሻገረች። ረሃብ ያልገደላትን ልጅ የወንዙ ውኃ በሁለት ቀን አጣጥፎ ጣላት። ጤና ጣቢያ ይዘናት ስንሮጥ ሞሚና አላለቀሰችም። የዓባይን ልጅ ውኃ ጠማት ይሉ ነበር፣ የእኔይቱን ግን ውኃ ሊበላብኝ ነው አለችኝ። በጨውና በስኳር ውኃ ተረፈች፣ ተመስገን። እኔ ግን ሕፃኗን ይዤ ሳለሁ ይህን ሕመም ማስቆም የምችለው እኔ ነኝ፣ ዝም ያልኩት ለክብሬ ነው የሚል ነገር ልቤን ወጋኝ።

እቤት ስገባ አሻግሬ ግቢ ተቀምጦ የልጁን ጫማ ይሰፋ ነበር። ሳልቀመጥ ሁሉንም አንድ ላይ አፈሰስኩት። አባቴ ቆዳ አልፊ ነው አልኩት። ነበር እንጂ ነው ምንድን ነው፣ ነፍሳቸውን ይማር አለኝ። ነው አልኩት። መርፌውን ጫማው ላይ ሰካ። ከዚያ ያለኝን ልጻፍልዎት። በየዓመቱ የሙታን ስም ሲጠራ የአባትሽን ስም ለቄሱ የምሰጥ እኔ ነኝ፣ ለካ እግዜር እዚያ ሲፈልጋቸው ኖሯል አለ። ስድብ ጠብቄ ነበር። ዱላም ጠብቄ ነበር። ተነስቶ ወደ ውጭ ወጣ፣ አጥሩን ተደግፎ ቆመ፣ ጀርባው ይታየኛል። ሲመለስ አይኑ ቀልቶ ነበር። አስራ አንድ ዓመት አብሬሽ ስተኛ አላመንሽኝም ማለት ነው አለ። የከፋው በእርስዎ ሙያ አልነበረም አባባ፤ በእኔ ነበር።

ከዚያ ወደ ቤት ገባና አብረውን ከሚኖሩት ከእናቱ መደብ ላይ ያለውን ቁርበት ጎትቶ አወጣው። በእኛ ሠርግ የታረደው በሬ ቁርበት ነው። ቢላውን አንስቶ ሰጠኝና ከሚበጀው ላይ ቁረጪ አለኝ።

በማግስቱ ፓምፑ ዘንድ ሴቶቹን ሰብስቤ ከሠርጋችን በሬ ቁርበት ሲኒውን የምሠራው እኔ ነኝ፣ የፋቂ ልጅ ነኝ አልኩ። ቃሉን ራሴ ካልኩት ሌላ ሰው የሚለኝ አይቀረውም ብዬ ነው። አንዷ ነጠላዋን ወደ ልጇ ስትስብ አየሁ፤ ልቤ ልጅነቴ ድረስ ሄደ። ሞሚና ናት ያወጣችኝ። ኧረ እሱን ተዉትና ዋናውን ንገሩኝ፣ ይህ በሬ በማን ቢላ ነው የታረደ፣ የክርስቲያን ከሆነ እኛስ ሙስሊሞቹ ምን እንጠጣ ብላ ወገቧን ያዘች። ስትቀልድ እንደሆነ እኔ አውቃለሁ፣ ሌላው ግን ቀልዱን አላወቀም። ወዲያው ጨዋታው ተቀየረ፤ የእኔ ዘር ተረሳና የበሬው ሃይማኖት ላይ ሙግት ሆነ። በአጠገባችን ያልፉ የነበሩት የጭነት መኪና ነጂው ሙሀመድሁሴን ሽማግሌ ሰው ናቸውና ቆዳ ከለፋ ንጹሕ ነው፣ ሸሪዓው ይፈቅዳል ብለው ለማብረድ ሞከሩ። ማን ሰምቷቸው! ሞሚና እንደገና፣ ሲኒው ሁለት አይደለም ወይ፣ አንዱን ከእናንተ አንዱን ከእኛ አድርጉት፣ ጨለማው ቧንቧ ውስጥ እርስ በርሳቸው ይስማሙ አለች። ሙሀመድሁሴን ለመውሊድ ከታረደው በሬ ቆዳ አመጡ። ይህም አልበቃም፣ ደግሞ ከላይ የሚሆነው የማነው የሚል ጠብ ተነሳ። የላይኛው ክብር ነው አሉ ክርስቲያኖቹ፤ ውኃውን ቀድሞ የሚነካው የታችኛው ነው አሉ እስላሞቹ። በዚህ ሁለቱም ደስ አላቸው። ለሚስተር ራጋቫን ሲተረጎምለት እንባው እስኪመጣ ሳቀ፤ የስምንት አገር መሐንዲስ ያላሰበውን አሰባችሁ አለን።

ያን ያህል ቀላል አልነበረም፣ እውነቱን ልንገርዎት። እንቧይ ለቅሜ ቀጠቀጥኩ፣ ጉሎ ቆልቼ ወቀጥኩ፣ በእግሬ ረገጥኩ፣ እጄ ሲላጥ እርስዎ እንደሚያደርጉት አመድ ነሰነስኩበት። አሻግሬ የሚሠራበት ፋብሪካ ፈቅዶለት ቆዳው የሲኒ ቅርጽ የሚይዝበትን ልክ ማውጫ ከብረት፣ በመቅረጫው ማሽን በቶርኖ ቀረጸልኝ። እማማ አሰጋሽ ራቅ ካለ አገር ከሄዱበት የክርስትና ግብዣ ከሳምንት በኋላ ሲመለሱ ቁርበታቸው ተቆርጦ አገኙት፣ ሽታውንም አሸተቱ፣ ነገሩንም ሰሙ። ቁርበቴን አይደለም የቆረጥሽው፣ ልጄን ነው አሉኝ። ቃሊቲ ካለው ከሌላው ልጃቸው ቤት ሄዱ። ልጆቼ አያታቸውን እየጠየቁ ነው፤ ለምን እንደሄዱ ለስድስት ዓመት ልጅ እንዴት ይነገራል?

መጋቢት መጨረሻ ላይ ሲኒዎቹን ገጠምን። ሚስተር ራጋቫን ቀበቶውን ፈታ፣ እጁን አሰረ፣ ራቅ ብሎ ቆመ። እጀታውን አሥራ አምስት ጊዜ ያህል ወዘወዝኩ፣ ምንም የለም። ሴቶቹ ማንሾካሾክ ጀመሩ። ከዚያ ከባድ ሆነብኝ፤ ከታች የሆነ ነገር እንደያዘ ታወቀኝ፤ ውኃው መጣ። የመጀመሪያውን ጣሳ ማንም አልነካም። ያቺ ልጇን በነጠላ የሸፈነችው ሴት ከኋላ መጥታ እንስራዋን አስቀመጠች። አላየችኝም፣ አላናገረችኝም፤ ቀዳችና ሄደች። እኔ ከዚህ በላይ አልጠበቅሁም።

እንግዲህ የምለምንዎት ነገር እዚህ ላይ ነው። ከባሕር ማዶ የሚመጣው ሲኒ ዓመት ይቆያል፤ የእኔ አምስት ሳምንት ቆይቶ ጠርዙ ተሰነጠቀ። አሁን ሁለተኛውን ጥንድ ገጥሜያለሁ፣ እሱም የሰኔን አጋማሽ የሚያልፍ አይመስለኝም። ሞራና ሰም አቅልጬ ነው የነከርኩት። እርስዎ ግን ሌላ ነገር ይጨምሩ ነበር፣ በትንሽ ቅል ከጓዳ የሚያመጡት። ምን ነበር? ወይስ ቁርበቱ አርጅቶ ይሆን? ስንት ቀንስ ነበር ጥላ ውስጥ የሚሰቅሉት? ሲሠሩ አጠገብዎ አሥራ ሰባት ዓመት ኖሬ፣ አፍንጫዬን ይዤ ፊቴን ሳዞር ግማሹን ሙያ ሳላየው ቀረ። የሚያስደንቁ እጆች በአይኔ ሥር ሲሠሩ ነበር። ያልተማርኩት እርስዎ ስላላስተማሩኝ አይደለም።

ሰኔ ሰባት ቀን የአሥራ ስምንት ፓምፕ ጠባቂዎች እኛ ቀበሌ ይሰበሰባሉ። ሚስተር ራጋቫን መርከቡ ቢመጣም ባይመጣም ሲኒው ከዚሁ አገር እጅ መውጣት አለበት ብሎ ለበላዮቹ ጽፎ አስፈቅዷል። እሱ ሐምሌ ላይ ወደ አገሩ ይመለሳል፣ ሳልሄድ አባትሽን ማየት እፈልጋለሁ ይለኛል በየቀኑ። አስተማሪው እርስዎ እንዲሆኑ እንለምንዎታለን። ልጄን አዋርዳለሁ ብለው እንዳይቀሩብኝ። እማማ አሰጋሽ ያን ቀን ይመጡ እንደሆነ አላውቅም፤ ቢመጡም ሲያዩዎት ነጠላቸውን ልጆቼ ላይ ይስቡ ይሆናል። ይህን ልደብቅዎት አልችልም፤ ደብቄ ደክሞኛል። ልጆቼ ግን ከነጠላው ሥር ሾልከው እንደሚወጡ አውቃቸዋለሁ። አያት እንዳላቸው ከነገርናቸው ወዲህ ሰው አላስተኛ ብለዋል፣ ጥርስ አላቸው ወይ ብሎ ትንሹ ጠይቆኛል። አውቶቡስ ተራ ሲወርዱ አሻግሬ ቆሞ ይጠብቅዎታል፤ ረጅም ነው፣ ግራ እጁ ላይ የአንዷ ጣት ጫፍ የለችም።

ፖስታው ላይ ያለው ጽሕፈት የእኔ አለመሆኑን አይተው ይሆናል። አድራሻውን ልጽፍ ስቀመጥ አሻግሬ እስክሪብቶውን ከእጄ ወሰደው። እኔ ስምዎን ብቻ ይጽፋል ብዬ ነበር። ከስምዎ በፊት ‹‹ለክቡር አማቴ›› ብሎ ጻፈ፤ እኔ አላልኩትም። ጽፎ ሲያበቃ ይህችን ቃል ያነቧታል ወይ ብሎ ጠየቀኝ። ቀስ ብለው ያነቧታል አልኩት። ያንን ፖስታ ቀደደና በሌላ ላይ አጉልቶ ጻፈው።

እግዚአብሔር ዕድሜዎን ያርዝምልኝ አባባ። ይህን ምርቃት እየጻፍኩ በሰው ፊት፣ አሻግሬና ልጆቹ እየሰሙ፣ ድምፄን ከፍ አድርጌ ስል የመጀመሪያዬ ነው።

ልጅዎ